ጤና አዳምና የተጨነቀ ልብ፤ ስለ አገራችን የማስታገሻ ዕፀዋት ታሪክ

የአገራችን ሰው ጭንቀቱን ከየትኛው የሰውነቱ ክፍል እንደሚያኖረው ለማወቅ ንግግሩን ማድመጥ ይበቃል። የሠጋ ሰው «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ይላል፤ ያዘነው «ሆዴ ባባ»፣ የራራው ደግሞ «አንጀቴ ተላወሰ» ይላል። በዚህ አነጋገር የሐሳብ ሕመምና የሆድ ሕመም ጎረቤታሞች ናቸው። ስለዚህ ለሆድ ቁርጠት የሚጠጣው ጤና አዳም የቡዳ ዐይን ለሚያሠጋው ሰው ሲታሽና ሲሸተት ብናይ ነገሩ ከዚሁ አስተሳሰብ የሚወጣ ነው።

ስለነዚህ ዕፀዋት በጽሑፍ ያገኘነው ዕውቀት በአብዛኛው ከደብተራዎች እጅ የወጣ ነው። ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1930 በፓሪስ አሳተመ። ስቴፋን ስትሬልሲን ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ የሕክምና ድርሳናትና ዕፀዋት የጻፈውን ሥራ በ1968 እና በ1973 በሁለት ክፍል አወጣ። በነዚህ መጻሕፍት የሥርና የቅጠል ስም ከጸሎትና ከአስማት ጋር ጎን ለጎን ይገኛል፤ የሚፈወሰውም ደዌ የሥጋ ብቻ ሳይሆን ድንጋጤና የመንፈስ መታወክ ጭምር ነው። ነገር ግን ደብተራው የጻፈው ለራሱና ለደቀ መዝሙሩ እንጂ ለሕዝብ ስላልነበረ፣ በየጓሮው የነበረው የእናቶች ዕውቀት በዚህ መዝገብ ውስጥ የገባው በጥቂቱ ነው።

ጤና አዳም የዚህ የጓሮ ዕውቀት ዋና ምስክር ነው። ተክሉ በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ ካሉት አገሮች ጋር የምንጋራው ነው። ሊኔዎስ በ1767 የሰጠው የሳይንስ ስም «ሩታ ካሌፔንሲስ» ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል የሶርያዋን ከተማ ሐለብን ያስታውሳል። የግሪኩ ሐኪም ዲዮስቆሪዴስም በ1ኛው መቶ ዓመት ስለዚሁ ወገን ዕፅ ጽፏል። በእኛ ዘንድ ግን አዳምን በስሙ ይዞ በደጃፍ የሚተከል የቤት ተክል ሆኗል።

ዛሬ ብዙዎች ጤና አዳምን የሚያስቡት በቡና ሲኒ ውስጥ ነው፤ ልማዱንም ከጥንት የመጣ አድርገው ይቆጥሩታል። ታሪኩ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በክርስቲያኑ ደጋ አገር ቡና ለረጅም ዘመን የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ይነቀፍ ነበር፤ ነቀፌታው በሰፊው የላላው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ግድም ነው። የቡናው ልማድ ባልተስፋፋበት አገር የቡናው ጤና አዳም ሊስፋፋ አይችልም። እንግዲህ ዕፁ የቆየ ሲሆን፣ በዚያ አገር የሲኒው ሥርዓት ግን የቅርብ ዘመን ነው ማለት ነው።

ይህም ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ የተጨነቀውን ሰው የሚያሳርፈው ቅጠሉ ነው ወይስ ጉባኤው? አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጡ ድረስ ጎረቤት ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ዕጣን ይጤሳል፤ በሆድ የታመቀውም ይነገራል። ሚሼል ሌሪስ በ1932 በጎንደር የዛር ጉባኤ ተመልክቶ ጥናቱን በ1958 አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ሳይመን ሜሲንግ ዛርን የማኅበር ሕክምና አድርጎ ተረጐመው። የቡናው ጉባኤ ከዛሩ ጋር አንድ ባይሆንም፣ ዕፁን ከተሰብሳቢው ለይቶ መመዘን እንደማይገባ ይህ ጥናት ያስተምረናል።

ይህን ሁሉ መመዝገብ የሚያስፈልገው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ቀበሪቾን እንመልከት። ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ተክል ሥሩ ተቆፍሮ በገበያ ይሸጣል፤ ጢሱም ለራስ ምታት፣ ለቡዳና ለአራስ ቤት ይፈለጋል። የጤና አዳም ቅጠል ቢቀነጠስ መልሶ ያቈጠቍጣል፤ የቀበሪቾ ሥር ሲነቀል ግን ተክሉ አብሮ ይሞታል። ፈላጊው በበዛ ቍጥር የሚጠፋው መድኃኒቱ ነው።

ልኩም ከስሙ ጋር መጻፍ አለበት። ጤና አዳም ሲበዛ ይጐዳል፤ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ ጭማቂው በቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ቢያገኘው ያቈስላል። ይህን ልክ አሮጊቶች ለልጆቻቸው በቃል ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ልማዱ ተወስዶ ልኩ ከቀረ፣ ማስታገሻ የነበረው መርዝ ይሆናል። ስለዚህ የአገራችንን የሕክምና ታሪክ የሚጽፍ ተማሪ ብራናውን ከገለጠ በኋላ ወደ ጓሮ ወጥቶ ባለቤቲቱን መጠየቅ ይገባዋል፤ ብራናው በዕቃ ቤት ሊቈይ ይችላል፣ በቃል ያለው ግን ከባለቤቱ ጋር ያልፋል።