ስንተኛ ወጣህ?

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «ስንተኛ ወጣህ? ስንተኛ ወጣሽ?» እየተባልን ላደግን ሁሉ የካምብሪጅ ታሪክ ባዕድ አይሆንብንም። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተፈታኞች ስም በደረጃቸው ተርታ በአደባባይ ይነበብ ነበር። አንደኛው «ሲኒየር ራንግለር» ተብሎ ዝናው በጋዜጣ ይወጣል፤ ለመጨረሻው ደግሞ ጓደኞቹ ለፌዝ ትልቅ የእንጨት ማንኪያ ይሸልሙታል።

ታዲያ ውድድሩ ምን አስከተለ? ተማሪው የፕሮፌሰሮቹን ትምህርት ችላ ብሎ፣ ገንዘብ እየከፈለ ወደ ግል አስጠኚ ጎረፈ። ሥራው ሁሉ የፈተና ዘዴ መቸከልና በፍጥነት መሥራት ሆነ። «ፈተና ላይ አይመጣም» የተባለ ዕውቀት ዞር ብሎ የሚያየው አጣ።

በ1854 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ራውዝ አንደኛ፣ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ሁለተኛ ወጡ። በዚያው ዓመት ጠለቅ ያለ ጥያቄ በሚቀርብበት የስሚዝ ሽልማት ፈተና ግን እኩል ሆኑ። ኋላ ራውዝ ከ25 በላይ አንደኞችን ያፈራ ስመ ጥር አስጠኚ ሆነ፤ ማክስዌል ደግሞ ብርሃን የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ መሆኑን በቀመር አሳየ። እንግዲህ ያ ተርታ የለካው ምኑን ኖሯል?

በ1898 አራተኛ የወጣው ጂ. ኤች. ሃርዲ ይህን ሥርዓት አጥብቆ ከተቃወሙት አንዱ ነበር። የመጨረሻው ተርታ በ1909 ተነበበና ቀረ። ፈተናው ግን አልቀረም፤ ዛሬም ይሰጣል።

ስለዚህ ጓደኞች፣ ነገሩ «ፈተና ይቅር» አይደለም። ደብተራችንን ከጓደኛችን ስንደብቅ የምንሮጠው ለዕውቀት ነው ወይስ ለተርታ? እስቲ እንነጋገርበት።