ከስንቅ እስከ ጠጅ ቤት፦ የላሊበላ የምግብና የመጠጥ ቤቶች አነሣሥ

ስለ ላሊበላ ከተማ የተጻፈው ሁሉ ከሞላ ጐደል ስለ ድንጋይ የተጻፈ ነው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን ተመልክቶ ለአገሩ ሰዎች ካስታወቀበት ጊዜ ጀምሮ፣ በ1860 ዓ.ም. የመጣው ጀርመናዊ ጌርሃርድ ሮልፍስም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጣው ፈረንሳዊ አሺል ራፍሬ፣ ዓይናቸውን የጣሉት በዐለቱ ላይ ነው። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት 12 ሥፍራዎች አንዱ አድርጎ ሲቀበለውም ያከበረው የጠራቢዎቹን ጥበብ ነበር። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ወደዚህ ደጋ በእግሩ ለሚመጣው ምእመንና እህሉን በአህያ ጭኖ ገበያ ለሚወጣው ገበሬ፣ ከተማዋ የምትታወቀው በመቅደሷ ብቻ ሳይሆን በምድጃዋም ጭምር ነው። የዚህ ምድጃ ታሪክ ግን እስካሁን ብዙ ጸሐፊ አላገኘም።

የአገሩን አቀማመጥ አስቀድሞ ማስታወስ ያስፈልጋል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከበስተጀርባዋ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ያሻቅባል። ተከዜ የሚመነጨውም ከዚሁ ከላስታ ምድር ነው። በደጋው ገብስ፣ ባቄላና አተር ይበቅላል፤ ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ ጤፍና ማሽላ ይገኛል። መሬቱ ተዳፋት፣ አፈሩ ስስ፣ ዝናቡም የማያስተማምን ስለ ሆነ፣ ላስታ የተትረፈረፈ እህል የሚታፈስበት አገር ሆኖ አያውቅም። የ1965 እና የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ከበረታባቸው የወሎ አውራጃዎች አንዱ ይኸው ነበር።

በእንዲህ ያለ አገር የምግብ ንግድ ቶሎ አልተወለደም። በቀድሞው ልማድ እንጀራ የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ ነገር አልነበረምና። የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ሲጠና ያገኘውን ቀምሶ ያድራል፤ ለንጉሥ እንግዶችና መልእክተኞች ደግሞ በየመንደሩ ድርጎ ይሰፈርላቸዋል። ባለ አገሩ ይህን ሁልጊዜ በደስታ ያደርገው ነበር ማለት አይደለም፤ አዝመራው በከፋ ዓመት ድርጎ ከባድ ዕዳ ነው። ዳሩ ግን ዕዳም ሆነ በረከት፣ ገንዘብ ከፍሎ ወጥ መብላት የሚባለው ነገር ለላስታ ሰው እንግዳ ነበር። በአዲስ አበባ እንኳ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ያስከፈቱት በ1898 ዓ.ም. ነው።

ከድርጎውና ከእንግድነቱ ጐን ለጐን ሦስተኛው መንገድ ስንቅ ነው። ላሊበላን የሚሳለም ምእመን ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት በእግሩ ሲጓዝ በትከሻው የሚይዘው ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ድርቆሽ የአጋጣሚ ምርጫ አይደለም። እዚህ ላይ ለመሐንዲስ የሚጥም ነገር አለ። በላሊበላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ በአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ከ90 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ባቄላና አተር በድስት ውስጥ ቢንተከተክም ቶሎ አይበስልም፤ የሚቃጠለው እንጨት ግን ያው ነው። እንጨት ደግሞ በላስታ ተራቁቶ ከቆየ ዘመን አልፎታል። ብረት ምጣድ ላይ የሚታመስ ገብስ ግን በውኃ መፍያ ልክ አይገደብም፤ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙ አልፎ ይሄዳልና በጥቂት ደቂቃ በስሎ ያበቃል። ተቆልቶ የተፈጨው ገብስ፣ ማለት በሶ፣ ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃና ጨው እንጂ እሳት አይፈልግም።

ሽሮም የዚሁ ብልሃት ልጅ ነው። አተሩ ወይም ባቄላው ይታመሳል፣ ይከካል፣ ከቅመሙ ጋር ፀሐይ ይመታዋል፣ ከዚያም ይፈጫል። ሙቀት ወደ አንድ ቅንጣት መሐል ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከውፍረቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ ቅንጣቱ 10 ጊዜ ሲቀጥን ጊዜው 100 ጊዜ ያጥራል። ባለሙያዋ ይህን ስሌት በወረቀት ሳትሠራው በወፍጮ ሠርታዋለች። በኋላ ዘመን በየምግብ ቤቱ በሸክላ እየተንተከተከ የሚቀርበው ሽሮ የድኃ ምግብ ነው እየተባለ ሲናቅ ይሰማል፤ ንቀቱ ስለ ምግቡ ካለማወቅ የመጣ ነው።

ታዲያ ሽያጭ የጀመረው ከየት ነው ቢባል፣ ከመብል ሳይሆን ከመጠጥ ነው ማለት ይቻላል። በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚቆመው የላሊበላ ገበያ ከላስታ ተራሮች እህል፣ ማር፣ ቅቤ፣ ዶሮና በግ ይስባል፤ በጥንቱ ጊዜ ከአፋር በረሃ በሰቆጣ በኩል የሚወርደው የአሞሌ ጨውም ወደ ላስታ ይደርስ ነበር። ሰዓታት ተጉዞ የመጣ ገበሬ እህሉን ሸጦ ከመመለሱ በፊት ጥላና መጠጥ ይሻል። ይህን ፍላጎት ያየችው የከተማዋ ሴት ነበረች። የምትጠምቀው በቤቷ፣ የምታስተናግደው በዚያው በቤቷ ነው፤ ምልክቷም በእንጨት ጫፍ ተደፍቶ ከደጅ የሚቆም ጣሳ ነው። ማንበብ ለማይችልም ለሚችልም እኩል የሚያገለግል ማስታወቂያ ከዚህ የተሻለ አልተገኘም።

ጠላው ራሱ ቀላል ሥራ አይደለም። እንስራው ወይም ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ ለመዓዛው ብቻ ሳይሆን ጠላውን የሚያኮመጥጡትን ተሐዋስያን ለመግደልም ይረዳል። የተወቀጠው ጌሾ በውኃ ይጠነሰሳል፤ ቀጥሎ ብቅሉ፣ ከዚያም የታመሰው ገብስ ወይም እንኩሮው ይገባል። ድፍድፉ ሲበስል ውኃ ተሞልቶ አፉ ይመረጋል። ከተጠለለው በኋላ በአተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ ለቤተሰብና ለሠራተኛ፣ አተላው ደግሞ ለከብት ይሆናል። አንድ ጭብጥ ገብስ እንኳ የማይባክንበት ሥራ ነው። ደንበኛው በመደቡ ላይ ተቀምጦ «እትዬ፣ ይድገሙኝ» ሲል ከጠላው ጋር ቆሎ ወይም ንፍሮ ይቀርብለታል። በከተማዋ ለገንዘብ ሲባል የቀረበው የመጀመሪያው መብል ይህ የጠላ ማጣፈጫ ቆሎ ሳይሆን አይቀርም። በገበያው ዳር ሰፌድ ዘርግተው ቆሎና ዳቦ የሚሸጡት ሴቶችም የዚሁ ቅርንጫፍ ናቸው።

የጠጁ ታሪክ ለየት ይላል። በትውፊት የንጉሡ ስም ራሱ ከማር ጋር የተያያዘ ነው፤ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፣ ስሙም «ላል ይበላል»፣ ማር ይበላል ማለት ነው ይባላል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው በብልባላ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ እስከ ዛሬ ንቦች ይኖራሉ፤ ማራቸውንም ምእመናን ለፈውስ ይወስዱታል። የላስታና የዋግ ነጭ ማር የሚገኘው ደግሞ ከክረምት በኋላ ተራራውን ከሚያለብሰው እንደ መንጠሴ ካለው አበባ ነው። ሆኖም ማሩ በሞላበት አገር ጠጅ ለሁሉ አልነበረም። በቀድሞ ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ስለ ነበር፣ ገበሬው ማሩን ይገብራል እንጂ ጠጁን አይጠጣም። ሹሙ ከአዳራሹ ሲወርድ ጠጁም ወደ ሕዝቡ ወረደ፤ ብርሌውም ከመሳፍንት እጅ ወደ ነጋዴና ወደ አሽከር እጅ ገባ። በላሊበላ ስሙ ከሁሉ የገነነው ቶርፒዶ ጠጅ ቤት በውጭ አገር የመንገድ መምሪያ መጻሕፍት ሳይቀር ተመዝግቧል። በዚያ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ባለ አገሩንም ፈረንጁንም እኩል ይወርፋል፤ ጠጁም በየደረጃው፣ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ እየተባለ ይቀርባል።

ከዚህ ወዲያ ያለው በአጭሩ የሚነገር ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አውሮፕላን በበጋ ማረፍ ሲጀምር ሰባት ወይራ ሆቴል ተሠራ፤ ሮሃ ሆቴልም ተከተለው። በደርግ ዘመን በቻይናውያን መሐንዲሶች ርዳታ የተሠራው የወልዲያ–ወረታ መንገድ በጋሸና በኩል ከተማዋን ከአገሩ ጋር ሲያቀራርባት፣ ሾፌርና ረዳቱ፣ መምህርና የጤና ሠራተኛ ደመወዝ ይዘው መጡ። ደመወዝተኛ ስንቅ አይዝምና በትሪ በያይነቱ፣ ጥብስና ዱለት የሚያቀርበው ምግብ ቤት የተስፋፋው ለእነዚህ ነው።

የእነዚህ ቤቶች ሁሉ ፈተና የገና ሰሞን ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ምእመን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገባል፤ ከተማው ደግሞ የተሳላሚውን እግር አጥቦ ዳቦና ጠላ የማቅረብ ልማዱን አልተወም። እስከ ዋዜማው ድረስ የነቢያት ጾም ስለ ሆነ ሽያጩ ሁሉ ሽሮ፣ ምስርና ቆሎ ነው። በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ቤዛ ኩሉን ዘምረው ሲያበቁ ግን ገበያው በአንድ ጧት ይገለበጣል፤ ዶሮና በግ፣ ቅቤና ዓይብ ይፈለጋል። በአንዲት ጎጆ ውስጥ፣ በአንድ ምጣድ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ይህን ለውጥ ማስተናገድ ትልቅ የክምችት ዕቅድ ይጠይቃል።

ጎጆዋን ካነሣን፣ ለሙያችን የሚቀርበው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የላስታ የድንጋይ ጎጆ ባለ ሁለት ፎቅ ክብ ቤት ሲሆን፣ በውጭ በኩል የድንጋይ ደረጃ አለው። መኖሪያና መሸጫ፣ መጥመቂያና ማስተናገጃ በአንድ ጣራ ሥር ናቸው። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ መጠለያዎች ተተከሉ፤ መሐንዲሶችም ስለ ምሰሶዎቹ ክብደት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በእነዚሁ ዓመታት በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄደው የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት በቅርሱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ኩራኩር ወደሚባለው አዲስ ሠፈር እንዲነሡ ተደረገ። ቅርሱን ከጭስ፣ ከፍሳሽና ከመጨናነቅ መጠበቅ እንደሚገባ የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በዋናነት የሚያሰላው በመሬቱ ላይ ያለውን ንብረት መተኪያ ዋጋ ነበር። ግድግዳው ይለካል፣ ቆርቆሮው ይቆጠራል፤ ከደጁ የሚያልፈው ተሳላሚና ገበያተኛ ግን በየትኛውም ሰንጠረዥ አይገባም። የጠላ ሻጭዋ ሀብት ደግሞ ግድግዳው ሳይሆን ያ አላፊ አግዳሚ ነው። በቅድሚያ የቆመውን ጣሳ ነቅሎ መንገደኛ በማይደርስበት ሥፍራ መትከል ይቻላል፤ ደንበኛውን አብሮ ማጓጓዝ ግን አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንዲከፈል ሲደነግግ ጉድለቱ ታውቆ ነበር ማለት ነው፤ ለላሊበላ ግን ዘግይቶ መጣ። ሠፈር የሚነድፍ መሐንዲስ የቤቱን ፕላን ከማንሣቱ በፊት በቅዳሜና በገና ሰሞን ከደጃፉ የሚያልፈውን ሰው ቢቆጥር፣ ሥራው የሁለት ቀን ነው።

በ2012 ዓ.ም. የመጣው ወረርሽኝ የውጭ አገር ጐብኚውን አስቀረ። ከሐምሌ መጨረሻ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከተማዋ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ መብራትና ስልክ ተቋረጠ፤ በ2016 ዓ.ም. ዳግመኛ ውጊያ ተካሄደባት። በዚህ ሁሉ መካከል ከሁሉ የበለጠ የተጐዱት በዶላር ለሚከፍል እንግዳ የተሠሩት ቤቶች ናቸው። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለ ኃይል የሸክላ ሰሌዳ ብቻ ነው፤ የኤሌክትሪክ ወፍጮም ዝም ይላል። ሦስት ጉልቻ ላይ የሚጋገረው እንጀራም ቢሆን እንጨት ይጨርሳል፤ ግማሽ ያህሉን ማገዶ የሚቆጥበው ምርት ምድጃ በየቤቱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የዚያ ዓመት ችግር ጥቂት በቀለለ ነበር። ያም ሆኖ ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ውጊያው ከራቀ ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ምእመናን ለገና ላሊበላ ገቡ። ሆቴሎቹ ጨለማ ነበሩ። ቆሎ ለመቁላት ግን አንድ ብረት ምጣድና አንድ እፍኝ ጭራሮ ይበቃል።