ከፊደል ራስ ላይ ስለ ወደቀችው ነጥብ

«ዳኛው ይፈራል» የሚል ጽሑፍ ቢደርሰን፣ ዳኛው ፈሪ ነው ማለት ይሁን ወይስ ዳኛው የሚያስፈራ ነው ማለት፣ ከወረቀቱ ላይ ለይተን ልናውቀው አንችልም። «ፈ»ንና «ራ»ን አላልተን ብናነብ ዳኛው ሰውን ይፈራል፤ አጥብቀን ብናነብ ሰው ዳኛውን ይፈራል። እንደዚሁም «አንበሳው ይበላል» ሲባል በይው ማን፣ ተበይው ማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በአፍ እንጂ በቀለም አይደለም። «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው ወይስ ጠባብ ያልሆነው ነገር? «ገና» ያልደረሰው ጊዜ ነው ወይስ የልደት በዓል? ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ «ይጠብቃል» የሚለው ቃል ነው። «ብ»ን ብናጠብቀው ዘብ መቆም ይሆንብናል፤ መጥበቅ ማለት እንዲሆንልን ከፈለግን ግን ማላላት አለብን።

ይህን ለማቃናት ጠብቆ በሚነበበው ፊደል ራስ ላይ አንዲት ነጥብ ትደረግ የሚሉ ሰዎች ነበሩ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ሁኜ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሐሙሲትና በዙሪያዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች ስለዚህች ነጥብ ስናገር፣ ስጽፍ፣ ሰውም ስለምን ኖርሁ። ተማሪዎች ከኋላዬ «ጋሽ ነጥቡ» ይሉኝ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ስሙም አልከፋኝም። አሁን ልመናውን ትቻለሁ። ነጥቧ የማትረባ ሆና አይደለም። ምክንያቱን ለመናገር ግን ከራሴ ነገር አስቀድሜ የፊደሉን ታሪክ ማንሣት ይገባኛል።

ፊደላችን ከጥንት ጀምሮ ዛሬ እንደምናየው አልነበረም። በአክሱም የቀደሙት የግዕዝ የድንጋይ ጽሑፎች ተነባቢው ብቻ የተቀረጸባቸው ነበሩ፤ አናባቢውን ከልቡ አውጥቶ የሚጨምረው አንባቢው ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዒዛና ዘመን ግን ፊደሉ እግርና ክንድ፣ ቀለበትም እየተቀጠለለት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት መልክ ያዘ። በዚያው በአንዱ ንጉሥ ዘመን የተቀረጹ፣ አናባቢ የሌላቸውም ያላቸውም ድንጋዮች ይገኛሉ። ሊቃውንቱ ይህን ሥራ ለከሣቴ ብርሃን ለአባ ሰላማ ይሰጡታል። ከዚያ ወዲህ አናባቢውን ትቶ መጻፍ እየቀረ ሄደ። ነገሩን ልብ ብሎ ለተመለከተ ምክንያቱ ግልጽ ነው። አናባቢው ከፊደሉ ገላ ጋር ተዋሐደ እንጂ ከውጭ አልተለጠፈም። «ቡ»ን ሊጽፍ የፈለገ ሰው ስለ ቸኰለ ክንዱን ሊተወው አይችልም፤ ቢተወው «በ» ጽፏልና።

አማርኛም የጽሕፈት ቋንቋ ሲሆን በግዕዝ ያልነበሩ ድምፆች ቸገሩት። ያን ጊዜ ከ«ሰ» «ሸ»፣ ከ«ተ» «ቸ»፣ ከ«ነ» «ኘ»፣ ከ«ዘ» «ዠ»፣ ከ«ደ» «ጀ»፣ ከ«ጠ» «ጨ»፣ ከ«ከ»ም «ኸ» ተወለዱ። እነዚህም አንድ ጊዜ ከገቡ በኋላ የሚያወጣቸው አልተገኘም። ያለ እነርሱ «ሸማ»ና «ጨው» አይጻፉማ!

የመጥበቅ ምልክት ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ አልመጣም። ስለ ምን እንዳልመጣ ብዙ ዘመን ስመራመር ኖሬ መልሱን የሰጠኝ አንድ ሼህ ጎረቤቴ ነው። በአንድ ሐሙስ፣ ገበያው ሲበተን፣ በሱቁ ደጃፍ ተቀምጠን ስለ ነጥቤ ሳወራው ሳቀና፣ «የኔታ፣ እኛ እኮ ይህን ካገኘነው ቆየን። ሸዳ ይባላል» አለኝ። በዐረብኛ ጠብቆ በሚነበበው ፊደል ራስ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ምልክት ናት። «ታዲያ ሰው ሁሉ ይጽፋታል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ቁርአን ላይ አንዲቷም አትጐድልም፤ ጋዜጣ ላይ ግን ከስንት አንዴ ብታያት ነው» አለኝ። የዕብራውያንም ነገር ከዚህ አይለይም፤ ነጥቦቻቸውን ለቅዱሳት መጻሕፍትና ለሕፃናት መማሪያ ይጠብቃሉ፣ በጋዜጣና በደብዳቤ ይተዋሉ። እኔ ለአማርኛ ብቻ የደረሰበት በደል ነው የምለው ነገር ለካስ የብዙ ሕዝብ ልማድ ኖሯል።

ነገር ግን ከፊደል ራስ በላይ የሚቀመጥ ሁሉ ይረግፋል ማለት አይደለም። ማስረጃው ከእኛው አገር፣ ከጋይንት ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ዐዛዥ ጌራና ዐዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት እንዳበጁለት ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ የሚባሉት፣ ከእነርሱም ጋር ከቃላት የተቈረጡት ጥቃቅን ፊደሎች፣ በድጓው ንባብ ራስ ላይ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ይታያሉ። ከእኔ አንዲት ነጥብ ጋር ቢመዛዘኑ ሸክማቸው እጅግ የከበደ ነው። ሆኖም ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሲጻፉ ኖሩ። ለምን ቢሉ፣ ቤተ ልሔም አለች። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ምልክቱን አይቶ ካላዜመ፣ ጽፎም ካላሳየ፣ መምህሩ አያልፈውም። ምልክቱ ጠባቂ ቤት፣ ጠያቂ መምህር፣ እንጀራውን በእርሱ የሚያገኝ ደቀ መዝሙር አለው። ምሽት ላይ ለሚስቱ ደብዳቤ የሚጽፍ መርጌታ ግን በደብዳቤው ላይ ይዘትና ደረት ሲያደርግ ማን አየ?

እንግዲህ ወደ ነጥቧ ልመለስ። ከስመ ጥር ሰዎች መካከል በግልጽ የደከሙላት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ጠብቀው በሚነበቡት ፊደሎች ራስ ላይ ነጥብ አድርገዋል። እኔ መጽሐፉን ያየሁት በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት አማርኛ የሚማሩ አንድ የውጭ አገር መምህር ነበሩ፤ ንባባቸውን እንዳርምላቸው ታዝዤ ማታ ማታ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። «ዋና»ን ሁልጊዜ አላልተው እያነበቡ ዋናውን በር የውኃ ዋና ያደርጉት ስለ ነበር፣ እንደ ሐዲስ መጽሐፍ አድርጌ በቀይ ቀለም ነጥብ አደረግሁላቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ንባባቸው ተቃና። አንድ ልጅ ገና በዐሥራዎቹ ሳለ እንዲህ ያለ ነገር በዓይኑ ካየ በኋላ የነጥቧ ወዳጅ ባይሆን ይደንቃል።

ክቡር ሐዲስ ተራ ሰው አልነበሩም። አምባሳደርም ሚኒስትርም የነበሩ ሰው ናቸው፤ መጽሐፋቸውም በአማርኛ ልብ ወለድ ዘንድ አቻው ጥቂት ነው። ነጥባቸውን ግን የተከተለ ደራሲ ከስንት አንድ ነው። ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ ያን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችለው ሁሉ ሳይቀር ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን አወቃቸው። በዚያ ድምፅ ውስጥ የጠበቀው ጠብቆ፣ የላላው ላልቶ ሲሰማ ነጥቧን የፈለጋት ማንም የለም። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር እኔ በደራ ገጠር አዲስ መምህር ነበርሁ። ዘመቻው እያደር በ15 ቋንቋዎች ተስፋፍቷል፤ እኔ የማወራው ግን በአንድ የሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ በፋኖስ ስላስተማርኋቸው ጐልማሶችና አሮጊቶች ነው። በእጄ የጻፍሁትን ነጥብ ያለበት ወረቀት ሳድላቸው አንዲት እናት ወረቀቱን ወደ ፋኖሱ አስጠጉና «ልጄ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ዝንብ ናት ወይ?» አሉኝ። ሁሉም ሳቁ። «እማማ፣ ይህች ፊደሉን አጥብቀው ያንብቡ ትላለች» ብዬ ገለጽሁላቸው። እሳቸውም ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠሯቸው፤ ደግመው ፈጠን አድርገው ጠሯቸው፤ በሦስተኛው ቃሉ መጣላቸው፤ ከቃሉም ጋር መጥበቁ አብሮ መጣ። «ቃሉን ካወቅሁት ዘንድ ማጥበቁንማ ከእናቴ ተምሬዋለሁ» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ነው። አማርኛ ከእናቱ የተማረ ሰው መጥበቁን ከፊደሉ አይቀበልም፤ ለፊደሉ ይሰጠዋል እንጂ። «ዳኛው ይፈራል» ብቻውን ሲቆም ያሳስታል፤ «ዳኛው ጉቦኛን ይፈራል» ሲባል ግን «ን» የምትባለው አንዲት ፊደል ጥርጣሬውን ሁሉ ታነሣዋለች። ጽሑፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብቻውን የቆመ ቃል አይደለም። ነጥቧ የምታድነው አንባቢውን ነው፤ የምታደክመው ግን ጸሐፊውን ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ የሚጽፈውን ያውቀዋልና ለእርሱ ምንም አትጨምርለትም። ደካሚውና ተጠቃሚው በተለያዩበት ነገር የሰው እጅ ቶሎ ይሰንፋል።

ተጠቃሚው ግን የለም ማለት አይደለም። የኦሮምኛ ጽሕፈት በ1984 ዓ.ም. ወደ ቁቤ ሲሻገር ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የግዕዝ ፊደል መጥበቅንና የአናባቢን መርዘም አያሳይም የሚል ነበር። በቁቤ የሚጠብቀው ፊደል ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ይህም እንደ አክሱሙ አናባቢ በቃሉ ገላ ውስጥ ስለ ገባ ማንም አይዘለውም። ያን ጊዜ የእኔ ቅናት እጅግ ነደደ። ነጥቧ በጊዜዋ በሁሉ ዘንድ ተቀባይነት አግኝታ ቢሆን ኖሮ ከክርክሩ አንዱ እግር ይሰበር ነበር ብዬ ለጋዜጣም፣ ለአንድ መሥሪያ ቤትም ጻፍሁ። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣልኝ መልስ «ጉዳዩ ይታያል» የሚል ሲሆን፣ «ያ» ይጥበቅ ይላላ የሚል ነጥብ አልነበረበትም።

በዚያ ዘመን እኔና መሰሎቼ ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ እናደርግ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ነጥብ ያለበት የእርሳስ ፊደል የለውም፤ የጽሕፈት መኪናውም ለሰባቱ መልክ እንኳ ቁልፍ አንሶት ፊደሉን ከአካልና ከቅጥያ እየገጣጠመ ይሠራዋል እንል ነበር። ይህም እውነት ነበር። ነገር ግን የዓለም ፊደሎች ሁሉ ለኮምፒዩተር ቁጥር የተሰጣቸው ዩኒኮድ የሚባለው ሥርዓት በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝን ፊደል ተቀበለ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመጥበቂያ ምልክት ራሷን የቻለ ቦታ ተሰጣት። የሐዲስ ነጥብ አንዲት ነበረች፤ በዚህ ሥርዓት የገባችው ግን ጐን ለጐን የተቀመጡ ሁለት ነጥቦች ናት። ዜናውን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የሰማሁ ዕለት እንደ ልጅ ዘለልሁ። ከዚያ በስልኬ የአማርኛ መጻፊያ ላይ ብፈልጋት አጣኋት። የወንድሜ ልጅ ከሌላ ቦታ ቀድቶ አምጥቶ አሳየኝ፤ «ጋሼ፣ ግን ማን ይጠቀምባታል?» አለኝ። ቦታዋን አግኝታ ሰው አጣች። ከዚህ በኋላ የእርሳስ ፊደሉንም የጽሕፈት መኪናውንም ልከስስ አልችልም።

ስለዚህ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነገሩን እንደ ቤተ ልሔም ምልክት አየሁት። ነጥቧ ቤት ባላት ስፍራ ትኑር። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋታል። አማርኛን በጐልማሳነቱ የሚማር ሰው ያስፈልጋታል። ዛሬ ደግሞ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብብ ኮምፒዩተር መጥቷል፤ ይህም ከእናቱ ያልተማረ ፍጡር ስለ ሆነ «ገና»ን ሲያይ እንደዚያ እንደ መምህሬ ግራ ይጋባል። ለእነዚህ ነጥቧን ማስተማር ሥራ ነው፤ ከመጣልኝም እሠራዋለሁ። የሐሙሲት ልብስ ሰፊ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነጥብ እንዳያደርግ እንጂ እንዲያደርግ ዳግመኛ አልለምነውም፤ የልኬቱን ሜትር በአንገቱ አጥልቆ በደጃፉ ቆሞ እያየነው ሰፊነቱን ማን ይሳሳታል?

የነጥቧን ወረቀቶች፣ ከዘመቻው ጊዜ የተረፉትን ጭምር፣ በአንድ ካርቶን አድርጌ የውጭ አገር ሰዎችን አማርኛ ለሚያስተምር ወጣት ሰጠሁት፤ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ቅጂ እንዳለኝ ጠይቆ ላከብኝ።

ይህን መጽሐፍ በኮምፒዩተር የጻፈችልኝ ልጅ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ ናት። «ጋሼ፣ ነጥቧን የት የት ላድርጋት?» ብላ ጠየቀችኝ። «የትም አታድርጊ» አልኋት። የዚህን ድርሰት የመጀመሪያውን መስመር ስትደርስ ግን እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣችና «ዳኛው ምን?» አለችኝ፤ እኔም ሁለቱንም ጮክ ብዬ አነበብሁላት።