የወዳጆች መቃብር

ዛሬ የምናወራው ስለ መቃብር ነው። «ምነው፣ ሌላ ወሬ ጠፋ?» አትበሉኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ስለ መቃብር ቦታ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው፤ እዚያ እንደርሳለን።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ፒያሳ መሐልም ሆነ ከዚያ ወጣ ባለው ሰፈር፣ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚደርሰው ቅሬው ነው። የወሎን ቅሬ ታውቁታላችሁ፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ድንኳን ይተክላል፣ አብሮ ያለቅሳል፣ አብሮ ይቀብራል። ሟቹ ወንጌላዊ አማኝ ሲሆን ግን ከለቅሶው ጋር አንድ ጥያቄ ይመጣል። «የት ነው የሚቀበረው?» ደብር ግቢ አይሆንም፤ ሌላ ቦታ ደግሞ የለም። በአገራችን በብዙ ከተማና ገጠር ይህ ጥያቄ አስከሬን እቤት አስቀምጦ ስንቱን ቤተሰብ አስጨንቋል። ስንቱስ ሰው «ስሞት ማን ይቀብረኛል?» እያለ እምነቱን በልቡ ይዞ ኖሯል? ይህ የሚናቅ ፍርሃት አይደለም። በእኛ አገር ሰው ከሞቱ ይልቅ ቀባሪ ማጣቱን ይፈራል።

አሁን ወደዚያ ምዕራፍ እንሂድ፤ ዘፍጥረት 23። አብርሃም ምድሪቱ ሁሉ ለዘርህ ትሆናለች ተብሎ ነበር። ሣራ ስትሞት ግን የሚቀብርበት አንድ ክንድ መሬት እንኳ አልነበረውም። ኬጢያዊው ኤፍሮን በነጻ ልስጥህ አለው፤ አብርሃም እምቢ ብሎ በሰው ሁሉ ፊት 400 ሰቅል ብር መዝኖ የመክፈላን ዋሻ ገዛ። በተስፋይቱ ምድር በገንዘቡ ገዝቶ የያዘው የመጀመሪያ ርስት መቃብር ነው። ልብ በሉ፣ በድንኳን የሚኖር መጻተኛ ነው መሬት የገዛው፤ ለመኖሪያ አይደለም፣ ለመቀበሪያ ነው።

ይህንኑ ያደረጉ ሰዎች በእንግሊዝ አገር ነበሩ። (ከዚህ በታች የእንግሊዝን ታሪክ ስናወራ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እነርሱ ራሳቸውን «ወዳጆች» ይሉ ነበር። ሰው ግን ኩዌከር አላቸው፤ ተንቀጥቃጭ ማለት ነው። ስሙ የወጣላቸው ለስድብ ነው፣ ልክ «ጴንጤ» የሚለው ስም በእኛ አገር እንደወጣው። እነርሱም እንደ እኛ ሰዎች ስሙን ተሸክመውት ኖሩ።

መሪያቸው ጆርጅ ፎክስ የሸማኔ ልጅ፣ ራሱም ጫማ ሰፊ ዘንድ የሠራ ወጣት ነበር። ከ1650 አካባቢ ጀምሮ እየዞረ ሲያስተምር ብዙ ጊዜ ታስሯል። ጉባኤያቸው ለእኛ እንግዳ ነው። ሰባኪ የለም፣ መዘምራን የሉም። በእንጨት አግዳሚ ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ መንፈስ ያነሣሣው፣ ወንድም ሆነ እኅት፣ ተነሥቶ ይናገራል፤ ካልተነሣ ደግሞ ዝም እንዳሉ ይለያያሉ። ድምፅ ማጉያችን ሰፈር ለሚቀሰቅሰው ለእኛ ይህ ይከብዳል! በውኃ ጥምቀትና በጌታ ራት ጉዳይም ከእነርሱ ጋር አንስማማም፤ ሁለቱንም በሚታይ ሥርዓት አይፈጽሙም። በመከራቸው ግን እናውቃቸዋለን። የ1662 እና የ1664 ሕጎች ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጭ መሰብሰብን ወንጀል አደረጉት። በመቶ የሚቆጠሩት እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። በ1670 ለንደን ላይ የመሰብሰቢያ ቤታቸውን ወታደር ሲያፈርስባቸው ፍርስራሹ ላይ ቆመው ተሰበሰቡ። በ1682 ብሪስቶል ከተማ ውስጥ አዋቂዎቹ ሲታሰሩ ጉባኤውን የቀጠሉት ልጆቻቸው ናቸው፤ እየተገረፉ። በደርግ ዘመን በየጓዳው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የጸለይን ሰዎች ይህን ስናነብ የሩቅ አገር ታሪክ አይመስለንም።

እነዚህ ሰዎች ሲሞቱስ? በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር ሰው የሚቀበረው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በቄሱ ጸሎት ነው። ወዳጆች ግን የተቀደሰና ያልተቀደሰ የሚባል አፈር የለም ብለው ያምኑ ነበር፤ ለቄሱም ክፍያ አንከፍልም ብለዋል። ስለዚህ በአንዳንድ ቦታ ሙታናቸውን በአትክልት ቦታቸውና በእርሻቸው ዳር ቀበሩ። ከዚያ ገንዘብ አዋጥተው መሬት መግዛት ጀመሩ። ለንደን ውስጥ በንሂል ፊልድስ የተባለውን ቦታ የገዙት በ1661 ነው፤ በከተማይቱ በገንዘባቸው ገዝተው የራሳቸው ያደረጉት የመጀመሪያ መሬት ይህ መቃብር ነበር። አብርሃምን አስታወሳችሁ? በ1665 ታላቁ ወረርሽኝ ሲመጣ በዚያ ዓመት ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ወዳጆች እዚያው ተቀበሩ። ፎክስም በ1691 ሞቶ እዚያው ገባ። በ1855 መቅበር ሲቆም የተቀበሩት 12,000 ያህል ነበሩ። (የክርስቲያንን ጉዞ በሕልም አምሳል የጻፈው ጆን በንያንም ከዚያው አጠገብ ባለው ሌላ መቃብር ነው ያረፈው።)

አሁን ደግሞ የሚያስገርመው። በእነዚህ 12,000 ሰዎች ላይ ሐውልት አልቆመም። ወዳጆች የመቃብር ድንጋይን ከንቱ ክብር ነው ይሉ ነበር፤ በ1717 የለንደኑ ዓመታዊ ጉባኤያቸው የቆሙትም እንዲነሡ አሳሰበ። በፎክስ መቃብር ላይ ግን አንድ ትንሽ ድንጋይ ነበረች። ሰዎች እየመጡ መጎብኘት ሲያበዙ አንድ ወዳጅ «ነሑሽታን!» ብሎ ድንጋዩን እንደሰባበረው ይተረካል። ነሑሽታንን ታውቃላችሁ፤ ሙሴ የሠራው፣ ሕዝቡ ሲያጥንለት ንጉሥ ሕዝቅያስ የቀጠቀጠው የናስ እባብ ነው። ሰውየው አበዛው ትሉ ይሆናል። እኔም ትንሽ አበዛው እላለሁ፤ ልጅ የአባቱን መቃብር ማወቅ ይፈልጋል። በኋላ ወዳጆች ራሳቸው ይህን አይተው በ1850 ድንጋይ ፈቀዱ። ግን ዝቅ ያለ፣ ሁሉም እኩል፣ ስምና ዕድሜ እንዲሁም የሞተበት ቀን ብቻ የተጻፈበት። ቀኑንም ቢሆን በቁጥር ይጽፉ ነበር፤ የወሮቹ ስም ከጣዖት የመጣ ነው ብለው ጥርን «አንደኛ ወር»፣ እሑድን «አንደኛ ቀን» ይሉ ነበርና። በብዙ ቦታም የሚቀበሩት በሞቱበት ተራ ነው፤ ባለጸጋው ከጽዳት ሠራተኛዋ ጎን፣ ባልና ሚስትም በተለያየ ረድፍ።

ከለንደን ወጣ ብሎ ጆርዳንስ የሚባል መንደር አለ። እዚያ መቃብሩ የተገዛው በ1671 ነው፤ የመሰብሰቢያ ቤቱ የተሠራው ግን በ1688፣ ከ17 ዓመት በኋላ። አስቀድመው መቃብር፣ ከዚያ አዳራሽ! እኛ ዘንድ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው ነው፤ አዳራሹ ያልቃል፣ ወንበሩ ይገዛል፣ የመቃብር ቦታ ጉዳይ የሚነሣው ሰው የሞተ ዕለት ነው። በጆርዳንስ የተቀበረው ትልቁ ሰው ዊልያም ፔን ነው፤ ፔንሲልቬንያ የተባለችውን የአሜሪካ ግዛት የመሠረተው። ፔን የሃይማኖት ነጻነት ያወጀ ሰው ነው፣ ባሪያዎች ግን ነበሩት፤ ይህንንም መሸፈን አይገባም። በ1718 ሞቶ ያለ ሐውልት ተቀበረ። በ1881 የፔንሲልቬንያ ሰዎች «ዐፅሙን እንውሰድና በክብር እናሳርፈው» ብለው መጡ። የጆርዳንስ ወዳጆች አልሰጡም።

ወዳጆች ወደ እኛም አገር መጥተው ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ ከ1934 እስከ 1937 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ «ጦር መሣሪያ አንይዝም» ያሉ ወጣቶቻቸው በአምቡላንስ ጓዳቸው ሥር ኢትዮጵያ ውስጥ በሕክምና ሥራ አገልግለዋል። በ1947 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ለወዳጆች የእርዳታ ድርጅቶች ሲሰጥ በዓለም ዙሪያ የሠሩት እንዲህ ያለ ሥራ ነው የታየው።

መቃብር ማጣትን ደግሞ እኛም በራሳችን አይተነዋል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ለዓመታት ታሰሩ፤ የባላቸውን መቃብር ለ13 ዓመት አላወቁም። ዐፅማቸው ተገኝቶ በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ክረምት ተገድለው፣ እርሳቸውም በ1984 ዓ.ም. ነው ዐፅማቸው ወጥቶ በክብር ያረፈው። ከመቃብር ግቢ በር ላይ የሚጣሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ደስ ይለኛል።

ዛሬ በየከተማው ለወንጌላውያን የመቃብር ቦታ ሲገኝ ሌላ ጣጣ ተከትሏል። ይሄኛው ጥቁር ድንጋይ ያስቀርጻል፣ ያኛው ፎቶግራፍ ያስለጥፋል፣ ምስኪኑ ደግሞ ተበድሮ ሲሚንቶ ያስገነባል። የሙስሊም ጎረቤቶቻችንን መቃብር አይታችሁ የለ? አፈር፣ ግፋ ቢል ድንጋይ፤ ብዙው ሰው ያለ ዕዳ ይቀበራል። ሽማግሌዎቻችን ለመቃብሩ አንድ ልክ ቢያወጡ፣ ስምና ዓመት ብቻ ቢሉ፣ የሟች ልጆች ከአርባው በኋላ ድንጋይ ቀራጭ ደጅ አይቆሙም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የወዳጆች የቀብር መዝገብ ላይ ከሟቹ ስም ጎን «አባል አይደለም» የሚል ምልክት አልፎ አልፎ ይታያል። እንግዳም፣ የአባል ዘመድም፣ ጎረቤትም ሲሞትባቸው ቦታ ሰጥተዋል ማለት ነው። ምልክቱ መዝገቡ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ መሬቱ ላይ ማንኛው የማን እንደሆነ አይለይም።