ስልቡ ቢቨርና ያልተጻፈችው ሚስቱ

ጀርመናዊው ሊቅ ፍሪትዝ ሆመል በ1877 እ.ኤ.አ. «ፊሳልጎስ»ን በላይፕዚግ ሲያሳትም ሦስት የግእዝ ብራናዎችን አመሳክሯል፤ አንዱ የለንደን፣ አንዱ የፓሪስ፣ አንዱ የቪየና ነበር። መጽሐፉ በአክሱም ዘመን ከግሪክ እንደተተረጎመ ይታመናል። እንስሳትን አንድ በአንድ እያነሣ ጠባያቸውን ለሰው ልጅ ምሳሌ ያደርጋል። ከግሪኩ ምዕራፎች አንዱ ስለ ቢቨር ነው። ቢቨር በዓባይም በአዋሽም ኖሮ አያውቅም፤ በጥርሱ ዛፍ የሚጥል፣ ወንዝ እየገደበ የሚኖር፣ ጅራቱ እንደ መቅዘፊያ የተዘረጋ የአይጥ ዘመድ ነው።

የምዕራፉ ታሪክ አጭር ነው። ቢቨር ቆለጡ መድኃኒት ስለሆነ ይታደናል። አዳኙ ሲደርስበት ቆለጡን በጥርሱ ቆርጦ ይጥልለትና ነፍሱን ያተርፋል። ሌላ ጊዜ ሌላ አዳኝ ቢያሳድደው ደግሞ ተገልብጦ ባዶውን ያሳየዋል፤ አዳኙም ትቶት ይሄዳል። ምስጢሩ ግልጽ ነው፦ አዳኙ ዲያብሎስ ነው፤ ሰውም የዝሙትን ሥር ቆርጦ ይጣልለት። ይህን ተረት የላቲን የአውሬ መጻሕፍት ከነሥዕሉ አባዙት። በ1188 ዌልስን የዞረው ጄራልድም በቴይፊ ወንዝ ስላሉት ቢቨሮች ሲጽፍ እንደ እውነት ደገመው።

ሴቷስ? በተረቱ ውስጥ የለችም። ይህ የተራኪ መርሳት ብቻ አይመስልም። ምሳሌው ለወንድ የተቀመረ ነው፤ ታሪኩም የሚቆመው ሴቷ እስካልገባች ድረስ ነው። ሴቷ ከገባች የምትቆርጠው የላትም፤ በተረቱ ሕግ አዳኝ ቢደርስባት የምትከፍለው ቤዛ አይኖራትም።

እውነቱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። መድኃኒቱ የሚወጣው ከቆለጥ አይደለም፤ ጅራቱ ሥር ካሉ ሁለት ከረጢቶች ነው። ካስቶርየም ይባላል፤ ከረጢቶቹ ለወንዱም ለሴቷም አሏቸው። የወንዱ የዘር ፍሬ የተሸሸገው ሆዱ ውስጥ ስለሆነ ቢፈልግም በጥርሱ አይደርስበትም። ይህን ዲዮስቆሪደስ ገና በ1ኛው ክፍለ ዘመን ጠርጥሮ ነበር፤ ቶማስ ብራውንም በ1646 ለንደን ውስጥ በታተመው፣ የዘመኑን የተሳሳቱ እምነቶች በመረመረበት መጽሐፉ አፍርሶታል። አንዲት ሴት ቢቨር ገልብጦ ማየት ግን ብዙ ክርክር ያስቀር ነበር። አዳኞቹ ያውቁ ነበር፤ ወንድ ሴት ሳይሉ ይገድሉ ነበርና። ለጠጕሩ፣ ለሥጋውና ለካስቶርየሙ ሲባል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከብሪታንያ ጠፋ። ለንደን ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ ካናዳ አዞረች። በ1670 ከንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ቻርተር ያገኘው የሀድሰን ቤይ ኩባንያ የባርኔጣ ሠሪዎችን በቢቨር ጠጕር አጠገበ፤ በዓርማውም ላይ አራት ቢቨሮች አኖረ።

(ዝባድን የሚያውቅ አንባቢ ጥሪኝን ማስታወሱ አይቀርም። ዝባድ በሁለቱም ፆታ ቢኖርም የእኛ ዝባድ አምራቾች በጎጆ የሚያስሩት ወንዱን ነው። እዚያ የተረት፣ እዚህ የሥራ ልማድ ይሁን እንጂ ዐይን የሚያርፈው በአንዱ ላይ ነው።)

በመጋቢት 2022 ኤንፊልድ ውስጥ ሁለት ቢቨሮች፣ ወንድና ሴት፣ በአጥር በተከለለ መሬት ተለቀቁ፤ ለንደን ቢቨር ካየች 400 ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። በጥቅምት 2023 ደግሞ በምዕራብ ለንደን፣ ግሪንፎርድ አጠገብ ባለው ፓራዳይዝ ፊልድስ አንድ ቤተሰብ ገባ። ማንም ጎብኚ ቢያፈጥ ማን ወንድ ማን ሴት እንደሆነ አይለይም። በቁመት እኩያ ናቸው፤ እንዲያውም ሴቷ አንዳንዴ ትበልጣለች። ባለሙያ እንኳ ፆታቸውን ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ ከፊንጢጣ እጢያቸው የሚወጣውን ፈሳሽ ቀለምና ሽታ ማየት ነው። ጡቷ ያበጠ የምታጠባ እናት ብቻ ራሷን ትገልጣለች።

የጠባያቸው ልዩነትም ተረቱ እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም። ጥንዶቹ ለዓመታት አብረው ይኖራሉ፤ ግድቡን ሁለቱም ይሠራሉ፣ ዛፉን ሁለቱም ይጥላሉ። ግልገሎቹ ሲወለዱ እናቲቱ ለጡት ስትል ጎጆው አጠገብ ትውላለች፤ አባትየው ወሰኑን ለመቃኘት ራቅ ይላል። በኖርዌይ ፍራንክ ሮሰልና ባልደረባው ያደረጉት ጥናት ወንዱ ከሴቷ አብዝቶ የጠረን ምልክት እንደሚያኖር አሳይቷል። ሴቷም ታኖራለች፤ የእሱ ግን ይበዛል።

ምልክቱ የሚኖረው በውኃው ዳር ጭቃ ተቆልሎ፣ ከላይ ካስቶርየም ተረጭቶበት ነው። «ይህ የእኔ ነው፣ አትለፍ» ማለት ነው። ተረቱ መነኩሴ አድርጎ ያስጣለውን ያንኑ ነገር፣ ወንዱ በየምሽቱ ይዞት ድንበር ለድንበር ይዞራል።