ቀን በችሎት፥ ሌሊት ከከዋክብት ጋር



ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ የሚተርፈው ጊዜ ለቁም ነገር አይበቃም እያለ የሚያዝን ሰው በየጽሕፈት ቤቱ አይጠፋም። ለዚህ ኀዘን መልስ የሚሆን አንድ ታሪክ ዛሬ እናቀርብላችኋለን። በንግግራችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሸርበርን ዌስሊ በርናም በ1838 በአሜሪካ፥ ቬርሞንት በተባለው ግዛት ተወለደ። የከዋክብትን ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ አላገኘም። ሙያው የሰውን ንግግር በአጭር ምልክት ፈጥኖ መጻፍ ሲሆን፥ በዚሁ ሙያ በቺካጎ ከተማ ፍርድ ቤቶች ተቀጥሮ የምስክሮችንና የጠበቆችን ቃል ይመዘግብ ነበር። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ሌላ መዝገብ ይከፍታል፤ ይኸውም የሰማይ መዝገብ ነው።

በመጀመሪያ የገዛው ቴሌስኮፕ ትንሽ ነበረ። ሰማዩን በእርሱ ካጠና በኋላ በ1870 የሌንሱ ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የተሻለ መሣሪያ አሠርቶ በግቢው ተከለ። ይፈልጋቸው የነበሩትም ጥንድ ከዋክብት ናቸው፤ እነዚህ በዓይን ሲታዩ አንድ ብርሃን መስለው፥ በቴሌስኮፕ ሲታዩ ግን ሁለት ሆነው የሚለዩ ናቸው።

ነገር ግን በዚያ ዘመን ይህ መስክ ታርሶ ያለቀ ይመስል ነበር። ዊልያም ሄርሸልና ልጁ ጆን ሰማዩን በየተራ አስሰውታል። ቪልሄልም ስትሩቭም 24 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ፈልጎ በ1827 የ3,112 ጥንድ ከዋክብትን ዝርዝር አሳትሟል። እንግዲህ ከእነዚህ ሊቃውንት በኋላ፥ በአነስተኛ መሣሪያ፥ ያውም ከቀን ሥራ ደክሞ የሚመለስ ጸሐፊ ምን ያገኛል? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነበር።

በርናም ለዚህ ጥያቄ በክርክር አልመለሰም። በ1873 ከእርሱ በፊት ማንም ያልመዘገባቸውን 81 ጥንድ ከዋክብት ዝርዝር አሳተመ፤ ከዚያም ሁለተኛውና ሦስተኛው ዝርዝር ተከተሉ። ምሥጢሩ የዓይኑ ጥራት፥ የመሣሪያው ጥሩነት፥ ከሁሉም በላይ በየሌሊቱ ሳይሰለች መመልከቱና ያየውን በዚያው ሌሊት መጻፉ ነው።

ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ቤቱ ዲርቦርን ከተባለው የከዋክብት መመልከቻ አጠገብ ስለ ነበረ ከዚያ ሊቃውንት ጋር ተወዳጀ፤ በኋላም በታላቁ ቴሌስኮፕ እንዲሠራ ተፈቀደለት። ከ1888 እስከ 1892 በካሊፎርንያ በሊክ መመልከቻ ደመወዝተኛ ሆኖ ከሠራ በኋላ፥ እንደ ገና ወደ ቺካጎ ፍርድ ቤት ጽሕፈት ተመለሰ። ቢሆንም ሰማዩን አልተወም። የየርክስ መመልከቻ በተከፈተ ጊዜ ሳምንቱን በጽሕፈት ቤቱ ውሎ፥ የቅዳሜንና የእሑድን ሌሊት በዚያ ያሳልፍ ነበር። በ1894 የእንግሊዝ የንጉሣዊ ሥነ ከዋክብት ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሰጠው። በ1906 ያሳተመው ታላቅ መዝገብ 13,665 ጥንድ ከዋክብትን የያዘ ነው። በ1921 ሲሞት፥ በቀን ሙያው የመዘገባቸው ሙግቶች ተረስተው ነበር፤ የሌሊቱ መዝገብ ግን ለተከታዮቹ ተመራማሪዎች መነሻ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ከእኛ መካከል ይህን መንገድ ለመጀመር የሚወድ ሰው ከየት ይነሣ? መጀመሪያ ገንዘቡን አያውጣ። ከኤሌክትሪክ መብራት ራቅ ብሎ ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ በጨለማ ይቀመጥ፤ ዓይን ጨለማውን የሚለምደው በዚህን ያህል ጊዜ ነውና። የእጅ ባትሪውንም በቀይ ጨርቅ ይሸፍን። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ደካሞቹን ከዋክብት ስለምትሸፍን፥ ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ይምረጥ፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ከአበቅቴ ተነሥቶ የጨረቃን ዕድሜ ማስላት ስለሚችል፥ ይህ ለእርሱ አዲስ ትምህርት አይሆንበትም።

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ መሆኗም ትልቅ ዕድል ነው። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት፥ ደመና ካልጋረደ፥ ወደ ሰሜን ሲዞሩ ታላቁ ድብ፥ ወደ ደቡብ ሲዞሩ የደቡብ መስቀል በአንድ ሌሊት ይታያሉ። የአውሮፓ ሰው በሀገሩ ሆኖ የደቡብ መስቀልን አያይም። በታላቁ ድብ ጅራት ላይ ከጫፉ ሁለተኛው ኮከብ ሚዛር ይባላል፤ ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ከአጠገቡ አልኮር የተባለውን ትንሽ ኮከብ ይለያል። በአነስተኛ ቴሌስኮፕ ሲታይ ደግሞ ሚዛር ራሱ ለሁለት ይከፈላል። ባለ ሁለት ዓይን የሩቅ መነጽር ያለውም ሰው መነጽሩን ከግድግዳ አስደግፎ ቢይዝ የጁፒተርን አራት ታላላቅ ጨረቃዎች ማየት ይችላል። ሆኖም ፀሐይን በመነጽርም ሆነ በቴሌስኮፕ ፈጽሞ አይመልከት፤ ዓይን በቅጽበት ይጠፋልና።

ከዚህ በኋላ እንደ በርናም ባልንጀራ መፈለግ ነው። በ2004 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ይህን ትምህርት በሀገራችን ለማስፋፋት የቆመ ማኅበር ነው። ከአዲስ አበባ በላይም በእንጦጦ ተራራ፥ ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ወደ እነዚህ ሰዎች ሄዶ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

የከተማ መብራት በየዓመቱ እየበዛ ሲሄድ ከዋክብቱ ከዓይናችን እየራቁ ነው፤ በከተማ የሚያድጉ ልጆቻችንም ደማቆቹን ብቻ ለይተው ማደጋቸው አይቀርም። ስለዚህ ወላጅ የሆነ ሁሉ በዕረፍት ቀኑ ልጁን ይዞ ከከተማው ወጣ ብሎ ቢያድር፥ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ አይርሳ። ቀኑን፥ ሰዓቱንና ያየውን ነገር ይጻፍ፤ የቺካጎው ጸሐፊም የሠራው ይህንኑ ነበር።