ኮሶን የሣለው ማን ነበር?

ከሮቤ ወደ ዲንሾ በተጓዝሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው በኮሶ ዛፎች ላይ ነው። የባሌ ሰው በኦሮምኛ «ሄጦ» ይለዋል። ልጅ ሳለሁ ጎባ ላይ አያቴ የደረቀ አበባውን ወቅጠው፥ በውሃ በጥብጠው ለሆድ ትል አጠጥተውኛል፤ ምሬቱ ዛሬም ከምላሴ አልጠፋም።

ይህን ዛፍ ለአውሮፓ አንባብያን በሥዕል አስተዋወቀ የሚባለው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ገብቶ፥ በ1770 ጎንደር ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይን አየ። በ1790 ኤደንብራ ላይ ባሳተመው ባለ 5 ቅጽ መጽሐፉ ውስጥ ኮሶ ከነአበባው ተሥሎ ይገኛል።

ብሩስ ግን ብቻውን አልመጣም። በ1765 የቀጠረው ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ፥ በ1737 ቦሎኛ የተወለደ ሠዓሊ አብሮት ነበር። የአገራችንን ዕፀዋት ቅጠል በቅጠል፥ አበባ በአበባ በውሃ ቀለም የሣለው ይህ ሰው ነው። ብሩስ በመጽሐፉ ሥዕሎቹን የራሱ አስመስሎ አቀረባቸው፤ ባሉጋኒም ከግሽ ጉዞ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። ይሁን እንጂ ባሉጋኒ በጣሊያንኛ የተወው የጉዞ ማስታወሻ እስከ ግሽ አብሮ እንደ ሄደ ይመሰክራል፤ ያረፈውም በ1771 ጎንደር ላይ ነው።

ሥዕሎቹ ዛሬ በአሜሪካ፥ በየል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተቀምጠዋል። በ1991 ሦስት ምሁራን በባሉጋኒ ስም መጽሐፍ አድርገው አሳተሟቸው። ሠዓሊው ስሙን ያገኘው ከ220 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

የዛፉ ስም ታሪክም ከዚህ አይለይም። ብሩስ በእንግሊዛዊው ጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራው ወድዶ ነበር፤ ጸንቶ የቀረው ግን የጀርመናዊው የሀገን ስም ነው፤ «ሀጌኒያ አቢሲኒካ»። ሠዓሊው በስሙ ውስጥ የለም፤ መድኃኒትነቱን ያወቁት የአገሬው እናቶችና አባቶችም የሉም።

የብሩስን ድፍረትና ትጋት አልክድም። ነገር ግን እኛስ የአብያተ ክርስቲያናቶቻችንን ግድግዳ ያስጌጡ ሠዓልያንን ስም ምን ያህል እናውቃለን? ከእነርሱ መካከል ስለ ትሕትና ስማቸውን በፈቃዳቸው የተዉ ይኖራሉ። ባሉጋኒ ግን አልተወም፤ ተወሰደበት። ዲንሾ ላይ ኮሶ ባየሁ ቁጥር አሁን ከአያቴ ቀጥሎ የማስበው እርሱን ነው።